ወገብ ላይ የሚታጠቁት፣ ሜዳ ላይ የሚተኩሱት

ለውድድር የሚሠራ ሽጉጥና ሰው ከልብሱ ሥር ሻጥ አድርጎ የሚውለው ሽጉጥ ዛሬ ለየቅል ናቸው። ቼክ ሠራሹ «ሻዶው 2» የተባለው የውድድር ሽጉጥ ባዶውን 1.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ብዙ አሜሪካውያን የሚታጠቁት «ግሎክ 19» ግን የዚያ ግማሽ ገደማ ብቻ ነው። ተግባራዊ ተኩስ የሚባለውን ስፖርት የጀመሩት ሰዎች ይህን ልዩነት አላለሙትም። ዓላማቸው ሰው የሚታጠቀውን መሣሪያና ተኳሹን አብሮ መፈተን ነበር። የሰባ ዓመቱ ታሪክ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው፤ ዋንጫ በተዘጋጀ ቁጥር መሣሪያው ከወገብ ይርቃል፣ ደንብ አውጪዎችም ተከትለው መልሰው ሊጎትቱት ይሞክራሉ።

ነገሩ የተጀመረው ካሊፎርኒያ ነው። በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቀድሞው የባሕር ወለድ ጦር መኮንን ጄፍ ኩፐር ቢግ ቤር በተባለ ተራራማ ስፍራ ሽጉጥ መዝዞ የመተኮስ ውድድር ማዘጋጀት ያዙ። ያኔ የካውቦይ ፊልም ያስለመደው ከዳሌ ላይ በአንድ እጅ መልቀቅን ነበር። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሸሪፍ ባልደረባው ጃክ ዊቨር ግን ሽጉጡን በሁለት እጅ ይዞ፣ እስከ ዓይኑ አንሥቶና አነጣጥሮ ይተኩስ ጀመር። በ1959 ሲያሸንፍ ሌሎቹም መንገዱን ተከተሉ። ኩፐርም አያያዙን በጽሑፍና በሥልጠና በዓለም አዳረሱት።

በ1976 ከተለያዩ አገሮች የመጡ ተኳሾች በሚዙሪ ግዛት ኮሎምቢያ ከተማ ተሰብስበው ዓለም አቀፉን የተግባራዊ ተኩስ ኮንፌዴሬሽን መሠረቱ፤ ኩፐርም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። መርሑ ሦስት ነገር ነው፤ ትክክለኝነት፣ ኃይልና ፍጥነት። ውጤቱም የሚሰላው ያገኙትን ነጥብ በፈጀው ሰከንድ በማካፈል ነው። በ6 ሰከንድ 60 ነጥብ ያገኘ ሰው 10 ይያዝለታል። ስሌቱ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የእያንዳንዱ ሰከንድ ሽራፊ ዋጋ ስለታወቀ፣ ሽራፊዋን የሚቆጥብ ዕቃ ሁሉ ገዢ አገኘ።

በ1980ዎቹ የሆነውም ይኸው ነው። አፈሙዙ ጫፍ ላይ የባሩዱን ጋዝ ወደ ላይ እየተፋ ርግጫውን የሚያበርድ ኮምፐንሴተር ተገጠመ። ቀጥሎ ትልልቅ ካዝናና ባለ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ መጣ። አፎቱ ሳይቀር ሽጉጡን በምላጩ ዙሪያ ብቻ ጨበጥ አድርጎ የሚይዝ ቀጭን ነገር ሆነ። ያንን ዕቃ ታጥቆ ገበያ መውጣት አይታሰብም።

ከሜዳው ውጪ ደግሞ ሌላ ታሪክ ይሠራ ነበር። ፍሎሪዳ በ1987 መስፈርቱን ላሟላ ሰው ሁሉ ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ የሚሰጥ ሕግ አወጣች፤ ብዙ ግዛቶችም ተከተሏት። በ1988 15 ጎራሹ «ግሎክ 19» ወጣ። በ1994 ደግሞ የፌዴራሉ ሕግ አዲስ የሚመረት ካዝና ለሲቪል ሰው ከ10 ጥይት በላይ እንዳይዝ ከለከለ። ክልከላው እስከ 2004 ጸንቶ ቆየ። ሕጉ ያልታሰበ ውጤት አስከተለ፤ ጥይቱ 10 ከሆነ ትልቅ እጀታ ለምኔ ያሉ ገዢዎች ወደ ትንንሹ አዘነበሉ፣ ፋብሪካዎችም አጫጭሩን እያከታተሉ አወጡ።

የተደበቀውን ሽጉጥ ወደ ሜዳ ለመመለስ ቢል ዊልሰን፣ ኬን ሃካቶርንና ባልደረቦቻቸው በ1996 ዓለም አቀፉን የመከላከያ ሽጉጥ ማኅበር አቋቋሙ። በዚህ ውድድር ሽጉጡ በልብስ ይሸፈናል፤ ከለላ ካለ ከጀርባው ሆኖ መተኮስ ግድ ነው፤ ለጎደለ ነጥብ ሁሉ ሰዓት ይጨመራል። ተወዳዳሪው ግን እዚህም ብልሃት አላጣም። የደንቡን መጠን ጥግ የያዘ ትልቅ ሽጉጥ በሰፊ ሰደርያ ሸፍኖ መጣ። ስለዚህ በ2010ዎቹ አጋማሽ ለትንሹ ሽጉጥ የራሱ ምድብ ተከፈተለት። መሣሪያው ልኩ በተወሰነ ሳጥን ውስጥ መግባት አለበት፤ ካዝናው የቱንም ያህል ቢይዝ የሚጎርሰው 8 ነው።

የተለየ ምድብ ያስፈለገበት ምክንያት ተኩሱ ላይ ይታያል። በ«ግሎክ 17» የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያ መካከል 165 ሚሊ ሜትር አለ፤ በትንሹ «ግሎክ 26» ላይ 137 ብቻ ነው። ተኳሹ የፊቱን ማነጣጠሪያ በአንድ ሚሊ ሜትር ቢያዛባ፣ 10 ሜትር ላይ በትልቁ 6 ሴንቲ ሜትር፣ በትንሹ ከ7 ሴንቲ ሜትር በላይ ይስታል። እጀታው አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣት መያዣ አጥታ ትንጠለጠላለች፤ በዚያ ላይ ክብደት የለውምና ርግጫው ይበረታል። ካዝና ሲቀየርም የመዳፍ ጠርዝ እጀታው ሥር ገብቶ ይቆነጠጣል፤ ጊዜም ደምም የሚፈሰው ያኔ ነው።

ኃይልም ይለካል። የአረሩ ክብደት በግሬን፣ ፍጥነቱ በሰከንድ ስንት ጫማ እንደሆነ ተባዝቶ ለ1,000 ይካፈላል። 115 ግሬን አረር በ1,150 ጫማ ከወጣ 132 ይሆናል። አጭሩ አፈሙዝ ፍጥነቱን ወደ 1,080 ካወረደው ግን 124 ላይ ይቆማል። ዝቅተኛው መስፈርት 125 ስለሆነ ያ ተኳሽ ሙሉ ቀን ቢተኩስ ውጤት አይያዝለትም። ትንሽ ሽጉጥ ይዞ የሚመጣ ሰው ጥይቱን በራሱ ሽጉጥ አስለክቶ መምጣት ያለበት ለዚህ ነው።

በ2018 የወጣው «ሲግ ፒ365» በኪስ በሚገባ ቁመናው 10 ጥይት ሲጎርስ፣ ትንሽነትና የጥይት ብዛት አይገናኙም የሚለው አባባል ፈረሰ። ያም ሆኖ የጥንቱ አዙሪት አልቆመም። የአሜሪካው የተግባራዊ ተኩስ ማኅበር በ2010ዎቹ አጋማሽ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ለተገጠመለት የመታጠቂያ ሽጉጥ ምድብ ሲከፍት የክብደቱ ጣሪያ 35 አውንስ፣ አንድ ኪሎ ገደማ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 59 አውንስ ከፍ አለ፤ ይህም 1.67 ኪሎ መሆኑ ነው። ስሙ መታጠቂያ ሆኖ ቀረ እንጂ ያንን ቀኑን ሙሉ ወገቡ ላይ አስሮ የሚውል ሰው አይገኝም።

ደንብ አውጪዎችን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ሰዓትና ነጥብ ባለበት ሁሉ ሰው የሚያሸንፍበትን ዕቃ ይመርጣል፤ የሚለካው ነገር የመሣሪያውን መልክ ይወስናል። ስለዚህ ትንሹን ሽጉጥ ከትልቁ ጋር አሰልፎ ደከመ ማለት ትርጉም የለውም። የሚመዘነው ከመሰሎቹ ጋር፣ ከዚያም በላይ ያው ተኳሽ በዚያው ሽጉጥ ባለፈው ወር ካስመዘገበው ውጤት ጋር ነው። ዋንጫ የሚፈልግ ከባዱን ይግዛ። የታጠቀውን መሣሪያ ጠባይ ማወቅ የሚፈልግ ግን ያንኑ የታጠቀውን ይዞ ይሰለፍ፤ የሚያገኘው ደረጃ ዝቅ ቢልም የራሱ እውነተኛ ልክ ነው።