የካልኩለስ “ቀጣይነት” በደመወዝ ግብር ሲታይ

“ደመወዜ ተጨምሮ ወደ ላይኛው የግብር እርከን ከገባሁ እጄ ላይ የሚደርሰው ይቀንሳል” ብለው የሚሰጉ ሠራተኞች ጥቂት አይደሉም። ስጋቱ ትክክል መሆን አለመሆኑን የሚወስነው በካልኩለስ መግቢያ ላይ የሚሰጠው የፈንክሽን ቀጣይነት ነው።

ብዙዎቻችን ከትምህርት ቤት የምናስታውሰው “ብዕር ሳይነሳ የሚሳል ግራፍ ቀጣይ ነው” የሚለውን ነው። ይህ ለመነሻ ይረዳል እንጂ ፍቺ አይደለም። ቦልዛኖ እ.ኤ.አ. በ1817፣ ኮሺ ደግሞ በ1821 መሠረት ባስያዙት አስተሳሰብ መሠረት አንድ ፈንክሽን በአንድ ነጥብ ላይ ቀጣይ የሚባለው ሦስት ሁኔታዎች ሲሟሉ ነው፦

1. በነጥቡ ላይ ዋጋ ሲኖረው፣
2. ከግራም ከቀኝም ወደ ነጥቡ ሲጠጉ ፈንክሽኑ ወደ አንድ ቁጥር ሲጠጋ (ይህ ቁጥር ሊሚት ይባላል)፣
3. ሊሚቱ በነጥቡ ላይ ካለው ዋጋ ጋር እኩል ሲሆን።

በአጭሩ፣ ጥቂት ለውጥ ድንገተኛ ዝላይ አያስከትልም ማለት ነው።

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ን እንውሰድ። በአዋጁ መሠረት ከ7,801 እስከ 10,900 ብር የሚደርስ ወርኃዊ ደመወዝ በ30 በመቶ ተባዝቶ 955 ብር ይቀነስለት ነበር። ከ10,900 ብር በላይ ያለው ደግሞ በ35 በመቶ ተባዝቶ 1,500 ብር ይቀነስለት ነበር። በድንበሩ ላይ፣ ማለትም በ10,900 ብር፣ ሁለቱም ስሌቶች የሚሰጡት ግብር 2,315 ብር ነው። ስለዚህ ፈንክሽኑ በዚህ ነጥብ ቀጣይ ነው። ደመወዙ አንድ ብር ቢጨመር ግብሩ የሚጨምረው 35 ሳንቲም ብቻ ሲሆን፣ 65 ሳንቲም ለሠራተኛው ይተርፋል።

ተቀናሾቹ ባይኖሩ ኖሮ ግን ግብሩ ከ3,270 ወደ 3,815 ብር ከ35 ሳንቲም ይዘል ነበር። ሠራተኛውም በአንድ ብር ጭማሪ 544 ብር ከ35 ሳንቲም ያጣ ነበር። በሁለቱ ተቀናሾች መካከል ያለው የ545 ብር ልዩነት የገባው ይህንኑ ክፍተት ለመድፈን ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። ግብሩ ቀጣይ ቢሆንም የግብሩ መጣኔ ግን ከ30 ወደ 35 በመቶ ይዘላል። በዚህም ምክንያት ግራፉ በድንበሩ ላይ ሳይቋረጥ ይታጠፋል፤ ዴሪቬቲቭም አይኖረውም። ቀጣይ የሆነ ሁሉ ዴሪቬቲቭ አለው ማለት አይደለም።

ቀጣይነት ሌላም ጥቅም አለው። የጡረታ መዋጮን ትተን፣ 10,900 ብር ደመወዝ የተጣራ 8,585 ብር፣ 12,000 ብር ደግሞ 9,300 ብር ይሰጥ ነበር። ስለሆነም የተጣራ 9,000 ብር የሚሰጥ ደመወዝ በመካከላቸው የግድ ይገኛል፤ እሱም 11,538 ብር ከ46 ሳንቲም ገደማ ነው። ይህ የመካከለኛ ዋጋ ቲዎረም ይባላል።

የእርከኖቹ መጠን በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ ተለውጧል። ይሁንና የማንኛውንም ሰንጠረዥ ቀጣይነት መፈተሽ ቀላል ነው፤ የድንበሩን ደመወዝ ከላይና ከታች ባሉት እርከኖች ስሌት ያስሉ። ውጤቱ እኩል ከሆነ የደመወዝ ጭማሪ የሚያስፈራ አይደለም።