ከልኳንዳ የተረፈ ውርስ

እስቲ ጠጋ በሉና ላጫውታችሁ። አገሩ አሜሪካ ነው፤ ኦሃዮ ውስጥ ዲፋያንስ የምትባል ትንሽ ከተማ። ከመቶ ዓመት በፊት በዚያች ከተማ ልኳንዳ ቤት የነበረው አንድ ሰው ነበር። ያን ጊዜ ከረሜላ አምራቾች ገበያ ለመሳብ የቤዝቦል ተጫዋች ሥዕል ያለባቸው ትንንሽ ካርዶች ያድሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ የወጣው አንዱ ዓይነት 30 ተጫዋቾች አሉበት፤ ታይ ኮብ፣ ሳይ ያንግ፣ ሆነስ ዋግነር፣ ሁሉም የዘመኑ ጀግኖች ናቸው። ዘመዶቹ እንደሚገምቱት ሰውየው ካርዶቹን ለደንበኞቹ ልጆች ይሰጥ ነበር። የተረፈውን ግን በሲባጎ ጠፍሮ ካርቶን ውስጥ ከተተና ከጣሪያው ሥር ባለው ቆጥ ላይ አስቀመጠው።

ሰውየው ሞተ። ቤቱ ውስጥ የቀረችው ሴት ልጁም እ.ኤ.አ. በ2011 መገባደጃ ላይ አረፈች፤ ንብረቷንም ለ20 የወንድምና የእህት ልጆቿ አወረሰች። በ2012 ፌብሩዋሪ የውርሱ አጣሪ የሆነው የሰውየው የልጅ ልጅ ቆጡን ሲያጸዳ ያረጁ ቀሚሶች አገኘ፣ የልኳንዳው የድሮ ካሌንደሮች አገኘ፣ ከእንጨት በተሠራ የአሻንጉሊት ቤት ሥር ደግሞ ጥላሸት የጠጣ ካርቶን አገኘ። ከፈተው፤ የሚያውቃቸው ስሞች አሉ። «ደህና ነገር ይሆናል» ብሎ ኮመዲኖ ላይ አኖረውና ወደ ጽዳቱ ተመለሰ። አይፈረድበትም፤ የሟች ቤት ማጽዳት ሥራው አያልቅም።

ኋላ ጥቂቱን ለአጫራቾች ቢልክ ጉድ ተባለ። 700 ያህል ካርድ ነው፤ ግምቱም እስከ 3 ሚሊዮን ዶላር!

ምነው ይህን ያህል? አትሉኝም? ሕፃናት እጅ የገባው ካርድማ ታጠፈ፣ ኪስ ውስጥ ታሸ፣ ጥግ ጥጉ ተበላ። ካርድ ሰብሳቢ ደግሞ የሚከፍለው ለጥጉ ነው። መርማሪዎች በአጉሊ መነጽር አይተው ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጡና በፕላስቲክ ያሽጉታል። ከዚያ ካርቶን የወጣ አንድ ዋግነር ከ10 አሥር አገኘ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዋጋ ያወጣው ማንም ልጅ ያልተጫወተበት ትርፍራፊ ነው። እኔን ትንሽ ቅር ይለኛል፤ ካርዱን ወዶ ያበላሸው ልጅ ምን በወጣው!

በዚያው ዓመት ኦገስት ባልቲሞር ላይ ምርጦቹ 37 ካርዶች ለጨረታ ቀርበው ከ560 ሺህ ዶላር በላይ አወጡ። የቀረውን ግን በአንዴ ገበያ ላይ ቢዘረግፉት ዋጋው ይወድቃል፤ አጫራቾቹም በሁለት ሦስት ዓመት ከፋፍለው ሊሸጡት አሰቡ። ሥጋ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አያቆዩትም ነበር።

ሃያው ዘመዳሞችስ? እኛ ዘንድ በአንዲት ጎጆ ውርስ ስንቱ ወንድማማች ፍርድ ቤት ሲመላለስ ጸጉሩ ሸብቷል። እነሱ እኩል ተካፈሉት፤ ከጥቂቶቹ በቀርም ሁሉም ድርሻቸውን ለመሸጥ ወሰኑ።