ገደቡ የት ነው? የኮምፒውተር ድምፅ የአርባ ዓመት ጉዞና የዛሬው ገዢ

ለኮምፒውተሩ የድምፅ ካርድ ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው የቁጥር ጋጋታ ነው። 24 ቢት፣ 32 ቢት፣ 192 ኪሎሄርዝ፣ 384 ኪሎሄርዝ፣ 120 ዲሲብል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር በጨመረ መጠን ዋጋውም ይጨምራል። ገዢው ግን ማወቅ የሚፈልገው ሌላ ነው፤ የጆሮ ማዳመጫዬና ጠረጴዛዬ ላይ ያሉት ስፒከሮች ከዛሬው የተሻለ ድምፅ ይሰጡኛል ወይ? ለዚህ ጥያቄ ከቁጥሮቹ ይልቅ ታሪኩ የተሻለ መልስ አለው። ላለፉት አርባ ዓመታት የኮምፒውተርን ድምፅ ጥራት የወሰነው በየዘመኑ አንድ ደካማ ቦታ ነበር። ያ ቦታ ሲጠገን ድክመቱ ሌላ ቦታ ላይ ይገለጣል፤ በየጊዜውም አንድ እርምጃ ወደ ጆሮ እየቀረበ መጥቷል። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ቀድሞ የተጠገነውን ቦታ ደግሞ ለመጠገን ነው። ጉዞውን ከመነሻው እንየው፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጢጥታ ወደ ዜማ

አይቢኤም በ1981 የመጀመሪያውን ፒሲ ለገበያ ሲያቀርብ ማሽኑ የነበረው ድምፅ አውጪ አንዲት ትንሽ ስፒከር ነበረች። የሚያዛት የጊዜ ቆጣሪ ቺፕ ሲሆን፣ ትእዛዙም መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው። ማሽኑ የተሠራው ለቢሮ ሥራ ነበርና ጢጥ ብሎ ካስጠነቀቀ በቂ ነበር። ፕሮግራም ጸሐፊዎች በብልሃት ዜማ ቢያወጡበትም ደካማው ቦታ ግልጽ ነው፤ ማሽኑ የሙዚቃ አፍ አልነበረውም።

መፍትሔው የመጣው ከሙዚቀኞች ነው። በ1967 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ደራሲው ጆን ቻውኒንግ፣ የአንዱን ሞገድ ድግግሞሽ በሌላ ሞገድ በፍጥነት በማወዛወዝ፣ በጥቂት ስሌት እጅግ የበለጸገ የድምፅ ቀለም ማግኘት እንደሚቻል ደረሰበት። ኤፍኤም ሲንተሲስ የሚባለው ዘዴ ይህ ነው። ያማሃ የአጠቃቀም መብቱን አግኝቶ በ1983 ዲኤክስ7 የተባለውን ኪቦርድ አወጣ። ድምፁ ለእኛ ጆሮም እንግዳ አይደለም፤ ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን ባዘጋጀው «ሸሞንሟናዬ» አልበም ከአኮርዲዮኑ ጋር ካሰለፋቸው መሣሪያዎች አንዱ ዲኤክስ7 ነው።

በ1987 አድሊብ የተባለ የካናዳ ኩባንያ የዚሁ ዘዴ ታናሽ ልጅ የሆነውን ዋይኤም3812 የተባለ የያማሃ ቺፕ በካርድ ላይ አድርጎ ለፒሲ አቀረበው። የኩባንያው መሥራች ማርቲን ፕሬቬል በኩቤክ የሙዚቃ መምህር ነበሩ። ቺፑ በአንድ ጊዜ ዘጠኝ ድምፆች ያጫውታል። በማግስቱ ዓመት ሲየራ የተባለው ኩባንያ «ኪንግስ ክዌስት 4» የተሰኘውን ጨዋታ ለእንዲህ ያሉ ካርዶች ከተጻፈ ሙዚቃ ጋር ሲያወጣ፣ የድምፅ ካርድ ለተጫዋቹ ሕዝብ የሚፈለግ ዕቃ ሆነ።

የሲንጋፖሩ ሱቅ

አድሊብን ከገበያ ያስወጣው ከሩቅ የመጣ ተፎካካሪ ነው። ሲም ዎንግ ሁ በ1981 በሲንጋፖር ከጓደኛው ጋር የከፈተው ክሪኤቲቭ ቴክኖሎጂ መጀመሪያ ትንሽ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ነበር። በ1987 ያወጣው የመጀመሪያ የሙዚቃ ካርድ አልተሳካለትም። በ1989 ግን ሳውንድ ብላስተርን ይዞ መጣ። አዲሱ ካርድ አድሊብ የሚጠቀምበትን ያንኑ የያማሃ ቺፕ ስለያዘ ለአድሊብ የተጻፈ ጨዋታ ሁሉ ሳይለወጥ ይሠራበታል። በዚያ ላይ የተቀዳ ድምፅ፣ ማለትም የሰው ንግግርንና የተኩስን ድምፅ፣ ማጫወት ይችላል። የጆይስቲክ መሰኪያም ተጨምሮበታል። በአንድ ካርድ ዋጋ ሦስት አገልግሎት ሲገኝ ገበያው ወደዚያው አዘነበለ።

የተቀዳ ድምፅ ሲገባ የቢት ጥያቄም አብሮ ገባ። የመጀመሪያው ሳውንድ ብላስተር 8 ቢት ነበር፤ የድምፁን ከፍታና ዝቅታ የሚለካው በ256 ደረጃዎች ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቢት 6 ዲሲብል ያህል ስፋት ስለሚጨምር ከጸጥታው እስከ ጩኸቱ ያለው ርቀት 48 ዲሲብል ገደማ ነበር። በ1982 ገበያ ላይ የዋለው የሲዲ ደረጃ ግን 16 ቢት፣ 65,536 ደረጃ፣ 96 ዲሲብል ነው። ድምፁም በሰከንድ 44,100 ጊዜ ናሙና ይወሰዳል። ክላውድ ሻነን በ1949 በሒሳብ እንዳስረዳው፣ አንድን ሞገድ በትክክል መልሶ ለመሥራት የናሙናው ብዛት ከሞገዱ ከፍተኛ ድግግሞሽ ከእጥፍ መብለጥ አለበት። የጤናማ ወጣት ጆሮ ጣሪያ 20,000 ሄርዝ ገደማ ነውና 44,100 ይበቃል።

ሳውንድ ብላስተር 16 በ1992 ሲወጣ ፒሲው እዚህ ደረጃ ላይ ደረሰ። በዚያው ዓመት አድሊብ ከሰረ፤ ክሪኤቲቭ ደግሞ በናስዳቅ የአክሲዮን ገበያ ተመዘገበ። የዛሬው ገዢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር እዚህ አለ፤ ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው የቢትና የናሙና ጥያቄ በወረቀት ደረጃ ከሠላሳ ዓመት በፊት ተመልሷል።

ጫጫታው ሲገለጥ

በወረቀት ላይ 96 ዲሲብል ያለው ካርድ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲሰካ ሌላ ድክመት ታየ። የፒሲው ሣጥን በኤሌክትሪክ ጫጫታ የተሞላ ነው። የኃይል ማከፋፈያው፣ የዲስኩ ሞተር፣ በሰከንድ በሚሊዮኖች ጊዜ የሚበራና የሚጠፋው ፕሮሰሰር፣ ሁሉም ደካማውን የድምፅ ሞገድ ይረብሹታል፤ ገበያ መሃል ሹክሹክታን ለመስማት እንደመሞከር ነው። ማውስ ሲንቀሳቀስ በጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ጭር ጭር የሚል ድምፅ የሰማ ሁሉ ችግሩን ያውቀዋል።

ኩባንያዎቹ ግን በዚያን ጊዜ የሚፎካከሩት በሌላ ነገር ነበር። በ1998 የወጣው ሳውንድ ብላስተር ላይቭ በጨዋታ ውስጥ የዋሻን ወይም የአዳራሽን ማስተጋባት የሚያሰላ ኃይለኛ ቺፕ ነበረው። ቺፑ የሚሠራው በ48,000 ናሙና ብቻ ስለነበር የ44,100ው የሲዲ ሙዚቃ እየተቀየረ ማለፍ ነበረበት። ኦሪያል የተባለው ተፎካካሪ በሦስት አቅጣጫ ድምፅ ስሌት ብልጫ ነበረው። ከክሪኤቲቭ ጋር በፓተንት ተካስሶ ፍርድ ቤት ቢረታም የክርክሩ ወጪ አደከመውና ከሰረ፤ ንብረቱን በ2000 ክሪኤቲቭ ራሱ ገዛው።

ኢንቴል በበኩሉ በ1997 ኤሲ97 የተባለውን ደረጃ አውጥቶ ድምፅን ማዘርቦርድ ላይ በርካሽ ለመትከል መንገድ ጠረገ። በ2004 የተካው አዲሱ ደረጃ እስከ 32 ቢትና 192 ኪሎሄርዝ ይፈቅዳል፤ የታይዋኑ ሪልቴክ ቺፖችም በዓለም ማዘርቦርዶች ላይ ተስፋፉ። በጥር 2007 ዊንዶውስ ቪስታ ሲወጣ ደግሞ ጨዋታዎች የድምፅ ስሌትን በቀጥታ ለካርዱ የሚያስተላልፉበትን የተለመደ መንገድ ዘጋ። ፕሮሰሰሮች ስሌቱን ራሳቸው የሚችሉበት ጊዜ ደርሶ ነበር። ዜማ መፍጠርና ማስተጋባት ማስላት፣ ካርዱን ተፈላጊ ያደረጉት ሁለቱ ሥራዎች፣ በዚህ ከእጁ ወጡ። የቀሩለት ንጹሕ መሆንና የሚሰካበትን ዕቃ በአግባቡ መንዳት ናቸው።

ከሣጥኑ ውጭ

ከጫጫታው ለመሸሽ ቀላሉ ዘዴ ከሣጥኑ መውጣት ነው። በ1996 የመጣው ዩኤስቢ ይህን አስቻለ። ዲጂታሉን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀይረው፣ ዳክ የሚባለው ክፍል፣ በራሱ ትንሽ ሣጥን ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

በ2011 ማንነቱን ያልገለጸ አንድ መሐንዲስ የሠራውን የጆሮ ማዳመጫ ማጉያ ሙሉ ንድፍ ከልኬቶቹ ጋር በነጻ ይፋ አደረገ። ርካሽ ክፍሎች በጥንቃቄ ከተገጣጠሙ እጅግ ውድ ከሆኑ ዕቃዎች ጋር በልኬት እንደሚወዳደሩ ለማንም በሚገባ መንገድ አሳየ። በ2018 ደግሞ አፕል በ9 ዶላር ያወጣው፣ የጆሮ ማዳመጫን ከዩኤስቢ ሲ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ ገመድ፣ ውስጡ የያዘው ዳክ በልኬት ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ንጽሕና ዛሬ ውድ ዕቃ አይደለም።

ከሲዲ በላይ ያለው ቁጥርስ? ብራድ ሜየርና ዴቪድ ሞራን በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከፍተኛ ጥራት ያለውን ቅጂ ወደ 16 ቢትና 44.1 ኪሎሄርዝ ከወረደው ጋር፣ አድማጮች የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ፣ አወዳደሩ። ከ554 ሙከራዎች ትክክለኛ መልስ የተገኘው በ276ቱ ነው፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አይለይም። ጆሹዋ ሪስ በ2016 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምር አነስተኛ ልዩነት አግኝቷል፤ አድማጮች በትክክል የለዩት 52 በመቶ ያህሉን ሲሆን የሠለጠኑት የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ልዩነቱ ቢኖርም ቀጭን ነው። የጆሮ ማዳመጫን በመለወጥ የሚገኘው ለውጥ ግን ማንም ሰው ወዲያው የሚሰማው ነው።

ኦምና ቮልት

ለጆሮ ማዳመጫ ዛሬ ደካማው ቦታ የካርዱና የማዳመጫው መጣጣም ነው። ሁለት ቁጥሮች መታየት አለባቸው።

የመጀመሪያው ካርዱ የሚያወጣው ቮልት ነው። ከ1997 ጀምሮ ዝናው ያልጠፋው የዜንሃይዘር ኤችዲ 600 የ300 ኦም ማዳመጫ ነው (ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው)፤ በፋብሪካው መግለጫ በ1 ቮልት 97 ዲሲብል ይሰጣል። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን 6 ዲሲብል ይጨመራል፤ በ2 ቮልት 103 ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ደኅንነት ያስቀመጠው ገደብ በሳምንት ለ40 ሰዓት 80 ዲሲብል መሆኑን ስናስብ፣ ለዚህ «አስቸጋሪ» ለሚባል ማዳመጫ እንኳ 1 ቮልት ለብዙ ሰው ሊበቃ ይችላል። ዝቅ ብለው የሚጀምሩና ድንገት የሚያገሱ የኦርኬስትራ ቅጂዎችን የሚያዳምጥ ሰው 2 ቮልት ቢኖረው ይጠቅመዋል። ጆሮ ውስጥ የሚገቡት ትናንሽ ማዳመጫዎች ግን ተቃራኒው ይጎዳቸዋል፤ ኃይለኛ ማጉያ ላይ ሲሰኩ ሽሽ የሚል ድምፅ ይሰማል።

ሁለተኛው ከዚህ ያነሰ ይወራለታል፤ ጉዳቱ ግን ይበልጣል። እሱም የካርዱ መውጫ የራሱ ኦም ነው። እንበልና መውጫው 75 ኦም ይሁን፤ ማዳመጫው በመካከለኛ ድምፅ 32 ኦም፣ በወፍራሙ ድምፅ ላይ ደግሞ 100 ኦም ይሁን። ማዳመጫው በመካከለኛው ከቮልቱ 30 በመቶውን፣ በወፍራሙ 57 በመቶውን ያገኛል። ይህ ማለት ባሱ ሳይጠራ ከ5 ዲሲብል በላይ ያብጣል፤ የክራሩ ጥራት በቤዝ ጊታር ይዋጣል። ስለዚህ የመውጫው ኦም ከማዳመጫው ኦም አንድ ስምንተኛ እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ለ32 ኦም ማዳመጫ 4 ኦም ወይም ከዚያ በታች ማለት ነው።

ጠረጴዛው ላይ

የጠረጴዛ ስፒከሮች አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው ማጉያ ስላላቸው ከካርዱ ኃይል አይጠይቁም። የሚጠይቁት ጸጥታ ነው። ኮምፒውተሩና ስፒከሩ በተለያየ ሶኬት ሲሰኩ በኧርዝ መስመራቸውና በድምፅ ገመዱ መካከል ቀለበት ይፈጠርና የመብራቱ ድግግሞሽ ይገባበታል፤ በአገራችን መስመር 50 ሄርዝ ስለሆነ እምምም የሚል ወፍራም ድምፅ ይሰማል። መጀመሪያ ሁለቱንም በአንድ ማከፋፈያ መሰካት፣ ካልጠፋ ጫጫታን የሚቋቋመውን ባላንስድ ገመድ ወይም ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈውን የብርሃን ገመድ መጠቀም ነው። የኧርዙን እግር መቁረጥ ግን በሕይወት መቀለድ ነው፤ ፈጽሞ አይደረግ።

ቀጥሎ ክፍሉ ይመጣል። ሁለቱ ስፒከሮችና የአድማጩ ራስ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል ከጆሮ ትይዩ ይሁን፤ ስፒከሩ ጥግ ውስጥ አይወሸቅ። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይፈልግም።

ከመግዛት በፊት

ስለዚህ ምርጫው በፈተና ይጀምር። ማዳመጫውን በኮምፒውተሩ ጀርባ ካለው አረንጓዴ ቀዳዳ ሰክቶ፣ ምንም ሳያጫውቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ማውሱን እያንቀሳቀሱ ማዳመጥ ነው። ከዚያ ድምፁን መልሶ ዝቅ አድርጎ የሚያውቁትን ዘፈን ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግ። ጫጫታ ከሌለ፣ ከፍታው ከበቃ፣ ባሱም ካላበጠ፣ ካርድ መግዛት አያስፈልግም፤ ገንዘቡ ለተሻለ ማዳመጫ ወይም ለተሻለ ስፒከር ይዋል።

ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን ሣጥን ውስጥ ከሚሰካው ይልቅ በዩኤስቢ ውጭ የሚቀመጠው ይመረጥ። የመውጫው ኦም በግልጽ የተጻፈለት፣ ለማዳመጫ እስከ 2 ቮልት የሚሰጥ፣ ከኋላው ለስፒከር የተለየ መውጫ ያለውና ገመድ ሳይነቀል ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር ይሁን። የቢቱ ቁጥር ከዚህ ሁሉ በኋላ ይታይ።

ሲም ዎንግ ሁ በጥር 2023 ሲሞት፣ የእሱ ካርድ የፈታው ችግር በየማዘርቦርዱ ላይ ያለ ተጨማሪ ዋጋ ተፈትቶ ይገኝ ነበር። የአርባ ዓመቱ ልፋት ለአድማጩ ያተረፈለት ይህን ነው፤ ዛሬ የድምፁን ጥራት የሚወስኑት ራሱ በእጁ መርጦ፣ አንሥቶና አስቀምጦ ሊያስተካክላቸው የሚችላቸው ነገሮች ናቸው። ገንዘቡም ጊዜውም እዚያ ላይ ይዋል።