ቅድስት ሥላሴ፦ ባላንጣዎች ጎን ለጎን ያረፉበት የአዲስ አበባ መካነ መቃብር

በአዲስ አበባ አራት ኪሎ፣ ከፓርላማው ሕንፃ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የጸሎት ቤት ብቻ አይደለም። በቅጽሩ ውስጥ የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት፣ በዘመናቸው ያገለገሏቸው ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ ጣሊያንን የተፋለሙ አርበኞች፣ ለኢትዮጵያ ነጻነት የተሟገቱ እንግሊዛዊት፣ ፓትርያርክ፣ ባለቅኔና ድምፃዊ አርፈዋል። ዘውዱን ያወረደውን ደርግ በትጥቅ ትግል አስወግደው አገሪቱን የመሩት ጠቅላይ ሚኒስትርም እዚያው ናቸው።

አንዳንዶቹ በሕይወት ሳሉ አንዱ የሌላውን ሥርዓት አጥብቀው የነቀፉ ናቸው። ሌሎቹ ወደዚህ ቅጽር የገቡት ከሞቱ ከዓመታት በኋላ፣ አፅማቸው ከሌላ ጉድጓድ ወጥቶ ነው። የቅድስት ሥላሴ መካነ መቃብር ታሪክ፣ የኢትዮጵያ መንግሥታት ማንን በክብር እንደሸኙ፣ ማንን ደግሞ ያለ ፍትሐት በአፈር እንደሸፈኑ የሚያሳይ ነው።

ከድል በኋላ የተጠናቀቀ ካቴድራል

የካቴድራሉ ግንባታ የተጀመረው ከጣሊያን ወረራ አስቀድሞ ነበር። ፋሺስት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ ሥራው ተቋረጠ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ከተመለሱ በኋላ ግንባታው ቀጥሎ ተጠናቀቀ። በዚህ ምክንያት ካቴድራሉ ከመነሻው ከነጻነት መመለስ ጋር ተያይዞ ይታያል። በውስጡ ካሉት ሥዕሎች መካከል ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው የአገራቸውን አቤቱታ ሲያሰሙ የሚያሳየው ይገኝበታል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ምዕመን የሚቀበረው በደብሩ ቅጽር ነው። ነገሥታትና መሳፍንት ደግሞ ራሳቸው ባሠሩት ወይም በረዱት ደብርና ገዳም ማረፍን ይመርጡ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ ያረፉት በታላቁ ቤተ መንግሥት አቅራቢያ በሚገኘው በበዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግን ለራሳቸውና ለቤተሰባቸው ማረፊያ የመረጡት ቅድስት ሥላሴን ነበር።

ከቤተሰቡ ቀድመው እዚህ ካረፉት አንዷ ልዕልት ፀሐይ ናቸው። በስደት ዘመን በለንደን ነርስነት የተማሩት ልዕልት፣ ወደ አገራቸው በተመለሱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው አረፉ። የሐረር መስፍን ልዑል መኮንን በ1949 ዓ.ም. ተከተሉ። እቴጌ መነን በየካቲት 1954 ዓ.ም. ሲያርፉ በካቴድራሉ ውስጥ የተቀበሩ ሲሆን፣ ከአጠገባቸው ያለው ስፍራ ለባለቤታቸው የታሰበ ነበር። ይህ ስፍራ ባለቤቱን ለማግኘት ከ38 ዓመታት በላይ ጠበቀ።

በአርበኞች መካከል ያረፉት እንግሊዛዊት

ከካቴድራሉ ፊት ለፊት ያለው ስፍራ ጣሊያንን በጦር ሜዳና በዱር በገደል ለተፋለሙ አርበኞች የተሰጠ ነው። በመካከላቸው የአንዲት የውጭ አገር ሴት መቃብር ይገኛል። ሲልቪያ ፓንክረስት ይባላሉ።

ሲልቪያ በብሪታኒያ ለሴቶች የመምረጥ መብት ከታገለው የታወቀ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው። ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወርር በ1928 ዓ.ም. ‘ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ’ የተባለ ጋዜጣ መሥርተው የወረራውን ግፍ ለዓለም አሳወቁ። ከነጻነት በኋላም በልዕልት ፀሐይ ስም ለሚሠራው መታሰቢያ ሆስፒታል ገንዘብ በማሰባሰብ ደከሙ። በ1948 ዓ.ም. ኑሯቸውን ጠቅልለው አዲስ አበባ ገቡ። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት አረፉ። ወለተ ክርስቶስ በሚል ስም ጸሎተ ፍትሐት ተደርሶላቸው ከአርበኞቹ ጋር ተቀበሩ።

ልጃቸው የታሪክ ምሁሩ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትም ሕይወታቸውን ለኢትዮጵያ ታሪክ ጥናት ከሰጡ በኋላ በየካቲት 2009 ዓ.ም. አርፈው በዚሁ ቅጽር ተቀብረዋል።

ስድሳዎቹ

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ ሥልጣን ከያዘ ገና ሁለት ወር ያለፈው ደርግ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ሚኒስትሮች፣ ጄኔራሎችና መሳፍንት ያለ ፍርድ ረሸነ። ግድያው የተፈጸመው በተለምዶ ‘ዓለም በቃኝ’ ተብሎ በሚጠራው እስር ቤት ነበር። ሟቾቹ በኢትዮጵያ ታሪክ ‘ስድሳዎቹ’ በሚል ስም ይታወቃሉ።

ከእነርሱ መካከል ለረጅም ዘመን በጠቅላይ ሚኒስትርነት ያገለገሉት አክሊሉ ሀብተወልድ፣ በ1966 ዓ.ም. አብዮት ወቅት የተተኩባቸው እንዳልካቸው መኮንን፣ ልዑል ራስ አስራተ ካሣ፣ እንዲሁም የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ይገኙበታል። ከሥልጣን የወረደውም፣ ቦታውን የወሰደውም በአንድ ሌሊት ተገድለው በአንድ ጉድጓድ ተጣሉ።

አስከሬኑ ለቤተሰብ አልተሰጠም። ይህ ለኢትዮጵያውያን ቀላል ነገር አይደለም። ሟች ተገንዞ፣ ፍትሐት ተደርሶለት፣ ወዳጅ ዘመድ አልቅሶለት ካልተቀበረ ኀዘኑ አይወጣም። አርባው፣ ሰማንያውና ሙት ዓመቱም የዚሁ ሥርዓት አካል ናቸው። የስድሳዎቹ ቤተሰቦች ይህን ሥርዓት ለመፈጸም ከ17 ዓመታት በላይ መጠበቅ ግድ ሆነባቸው።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ አፅማቸው ከጅምላ መቃብሩ ወጥቶ በቅድስት ሥላሴ በክብር አረፈ። ዛሬ በቅጽሩ ውስጥ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። የተገደሉበት እስር ቤት ግን የለም፤ ፈርሶ በስፍራው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ተገንብቶበታል።

ሩብ ምዕተ ዓመት የፈጀ ቀብር

ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ከወረዱ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. አረፉ። ደርግ በሕመም መሞታቸውን ቢገልጽም ብዙዎች አላመኑትም። ከሥርዓቱ ውድቀት በኋላ በደርግ ባለሥልጣናት ላይ ከቀረቡት ክሶች አንዱ እርሳቸውን መግደል ነበር።

ቀብራቸው የት እንደተፈጸመ ለሕዝብ አልተነገረም። አፅማቸው የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ሲሆን፣ የተቀበሩትም በዚያው ታስረው በቆዩበት ቤተ መንግሥት ግቢ ነበር። ከዚያ ወጥቶ ወደ በዓታ ለማርያም ተወስዶ ለስምንት ዓመታት ያህል በዚያ ቆየ።

በዚህ መካከል አልጋ ወራሹ ልዑል አስፋ ወሰን በ1989 ዓ.ም. በስደት በሚኖሩባት አሜሪካ አረፉ። አስከሬናቸው ወደ አገሩ ተመልሶ በቅድስት ሥላሴ በሚገኘው የቤተሰቡ መቃብር ተቀበረ። አባት የመጨረሻውን ቀብር ሳያገኙ ልጅ ቀደሙ።

የንጉሠ ነገሥቱ ሥርዓተ ቀብር የተፈጸመው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። አስከሬናቸው ከበዓታ ተነሥቶ በከተማዋ ጎዳናዎች ካለፈ በኋላ በካቴድራሉ ውስጥ፣ በእቴጌ መነን አጠገብ ከግራናይት ድንጋይ በተሠራ መቃብር አረፈ። ካህናት፣ በዕድሜ የገፉ አርበኞችና የንጉሣዊው ቤተሰብ አባላት ተገኝተዋል። የሬጌ ሙዚቃ ንጉሥ የቦብ ማርሊ ባለቤት ሪታ ማርሊም ከሐዘንተኞቹ መካከል ነበሩ። በጊዜው የነበረው የኢሕአዴግ መንግሥት ግን ቀብሩ የመንግሥት ሥርዓት እንዲኖረው አላደረገም። ከራስ ተፈሪያን እምነት ተከታዮች ብዙዎቹም ንጉሠ ነገሥቱ ሞተዋል ብለው ስለማያምኑ ሥርዓቱን አልተቀበሉትም።

ታላቁ ቤተ መንግሥት፣ በዓታና ቅድስት ሥላሴ የሚገኙት በእግር በሚያስኬድ ርቀት ነው። ያንን ርቀት ለመሻገር 25 ዓመት ፈጀ።

ነሐሴ 2004

ከዚያ በኋላ 12 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ካቴድራሉ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ታላላቅ ቀብሮችን አስተናገደ። የቤተ ክርስቲያኒቱ አምስተኛ ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ነሐሴ 10 ቀን 2004 ዓ.ም. አረፉ፤ ሥርዓተ ቀብራቸውም ከሳምንት በኋላ በዚሁ ተፈጸመ።

ፓትርያርኩ ባረፉ በአራተኛው ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ከዚህ ዓለም ተለዩ። ነሐሴ 27 ቀን የውጭ አገር መሪዎች በተገኙበት በመስቀል አደባባይ ሽኝት ከተደረገላቸው በኋላ በቅድስት ሥላሴ ተቀበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ያለ መንግሥት ክብር በተቀበሩበት ወቅት የመንግሥቱ መሪ አቶ መለስ ነበሩ። አሁን ሁለቱም በአንድ አጥር ውስጥ ናቸው።

የከያንያን ማረፊያ

በዘመናት መካከል ቅጽሩ ከፖለቲካና ከጦር ሜዳ ሰዎች ውጪ ላሉትም ተከፍቷል። በየካቲት 1998 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ያረፉት ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ሎሬት ፀጋዬ ገብረመድኅን ወደ አገራቸው ተመልሰው እዚህ ተቀብረዋል። በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠ ሲቀበር እጅግ ብዙ ሕዝብ አጅቦታል። በአፍሪካ አዳራሽ ባሉት ባለቀለም መስታወቶቹ የሚታወቀው ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌም በ2004 ዓ.ም. በዚሁ አርፏል።

በዚህ ስፍራ መቀበር ከጊዜ ወደ ጊዜ አገር ለሟች የምትሰጠው የመጨረሻ ሹመት ተደርጎ ይታያል። ሆኖም ስመ ጥር ሁሉ እዚህ አለ ማለት አይደለም። በሮም ኦሎምፒክ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ሲያርፍ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት የተቀበረው በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ነው። የሜክሲኮ ኦሎምፒክ የማራቶን አሸናፊው ማሞ ወልዴም ያረፈው እዚያው ነው። በ1971 ዓ.ም. በደርግ የተገደሉት ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ አፅማቸው ከተገኘ በኋላ የተቀበረው በጎፋ ገብርኤል ነው።

መቃብር ያላገኙት

የቅድስት ሥላሴን ቅጽር የሚጎበኝ ሰው በሐውልቶቹ ላይ የሚያነበው ስም፣ ማዕረግና የሞት ቀን ያላቸውን ሰዎች ነው። በቀይ ሽብር ዘመን የተገደሉ ብዙ ወጣቶች ግን እስከ ዛሬ ቤተሰቦቻቸው የተቀበሩበትን አያውቁም። ከጅምላ መቃብሮች የወጣው የአንዳንዶቹ አፅም በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይታያል። ከእነርሱ ብዙዎቹ አብዮቱን በተስፋ የተቀበሉና ስድሳዎቹ ያገለገሉት ሥርዓት እንዲወድቅ የታገሉ ነበሩ።

ሚኒስትሩም ሆነ ሚኒስትሩን የተቃወመው ተማሪ የተገደሉት በአንድ መንግሥት ነው። ልዩነቱ ለአንደኛው ከዓመታት በኋላም ቢሆን ካህን ጸልዮለት፣ ቤተሰቡ በስሙ ሻማ የሚያበራበት ድንጋይ መገኘቱ ነው። የሌላኛው እናት ግን ይህን ሳታገኝ የቀረች ናት።