አዋላጇ ከየት ትምጣ?

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አዋላጅነት ታሪክ ነው።

ኢብኑ ኸልዱን (ረሂመሁላህ) በ779 ዓመተ ሂጅራ በጻፉት «ሙቀዲማ» ለአዋላጅነት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥተውታል። ሙያው ለሰው ልጅ ኑሮ የግድ የሚያስፈልግ መሆኑን ይገልጻሉ። በአብዛኛው የሴቶች ሥራ የሆነውም የሴትን ዐውራ ማየት ለሴት ስለሚቀል ነው ይላሉ።

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ፣ በቦረና፣ በሳይንት፣ በወግዲና በከላላ፣ ምጥ የያዛት ሴት ተስፋዋ የሰፈር የልምድ አዋላጅና የሽማግሌዎች ዱዓ ነበር። ምጡ ከጠና ቃሬዛ ይታሰራል። ደሴ ግን 180 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ገደሉና ቁልቁለቱ ሳይቆጠር ማለት ነው።

መንግሥትም ቢሆን ነገሩን ዘግይቶ ነው የያዘው። ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ሬጅናልድና ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ የመጡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ ነበር። ሥራው ሩቅ ሳይሄድ ቀረ። እነርሱም ምጥ በዝቶባቸው በፌስቱላ የተጎዱ እናቶችን ወደ ማከም ዞሩ።

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ፤ በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞች ተመደቡ። ቀጥሎም እናቶች ሁሉ በጤና ተቋም ይውለዱ ተባለ፤ ለየወረዳው አምቡላንስ ታደለ። አንዳንድ ጤና ጣቢያ ለወላዷ ገንፎ ማገንፋትና ቡና ማፍላት ሲጀምር የሳቁ ነበሩ። እኛ ግን ከብዙ ስብሰባ ይበልጥ የሠራው ይህ ይመስለናል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ መሠረት በ1992 ዓ.ም. ከ100 ወሊድ በጤና ተቋም የሚፈጸመው 5 ብቻ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48 ደረሰ። አልሐምዱሊላህ።

እናቶቹ መጡ፤ አዋላጆቹስ? በተፋጠነ ሥልጠና ብዙዎች ተመርቀዋል። ይሁንና አንዲት አዋላጅ ብቻ ያለችው ጤና ጣቢያ ሌሊት የለውም። እርሷ ፈቃድ ስትወጣ ክፍሉ ይዘጋል፣ ወይም ወንድ ባለሙያ ይገባል። ይህን ጊዜ «ወንድ አያዋልዳትም» ብሎ ሚስቱን ወደ ቤት የሚመልስ አባወራ አለ። ሴት በሌለችበት ዶሩራው ወንዱን እንደሚፈቅድ ዑለማዎች ነግረውናል፤ ቅናት ከነፍስ አይቀድምም።

ደግሞስ ሴቷ አዋላጅ ከየት ትምጣ? ኢማም ገዛሊ (ረሂመሁላህ) ሕክምናን ከፈርድ ኪፋያ ቆጥረውታል። ሰው ሁሉ ወደ ፊቅህ ክርክር ሲጎርፍ ከተሞች ሙስሊም ሐኪም ማጣታቸውንም ወቅሰዋል። እኛ ደግሞ ልጃችንን ከ8ኛ ክፍል አስወጥተን እንድራለን፤ ዓመት ሳይሞላ እርሷኑ ይዘን ጤና ጣቢያ በር ላይ «ሴት የለችም ወይ?» እንላለን።

ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በስማቸው የሚጠራው የአዋላጆች ኮሌጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ለዚሁ ሥራ ከመጡ ከ48 ዓመት በኋላ። ኮሌጁ ተማሪዎቹን ከገጠር መልምሎ አስተምሮ ወደመጡበት አካባቢ ይመልሳል።