የእንጨት ቶርኖ ለጎድጓዳ ዕቃዎች

የእንጨት ቶርኖ እንጨትን እያሽከረከረ በስለት ለመቅረጽ የሚያገለግል ማሽን ነው። ስሙ «ቶርኒዮ» ከሚለው የጣልያንኛ ቃል የመጣ ነው። የወንበር እግር የሚሠራ ባለሙያና ገበቴ ወይም አፈ ጠባብ ዕቃ የሚሠራ ባለሙያ ከማሽኑ የሚፈልጉት ነገር ይለያያል። ለመጀመሪያው የማሽኑ ርዝመት ይጠቅመዋል፤ ለሁለተኛው ግን ስፋት፣ ክብደትና ዝቅተኛ ፍጥነት ይቀድማሉ።

ስፋት

በቶርኖ ላይ ሊዞር የሚችለውን ትልቁን እንጨት የሚወስነው ከዘንጉ መካከል እስከ ማሽኑ አልጋ ያለው ርቀት ነው። አምራቾች ይህን በሁለት መንገድ ስለሚገልጹት ገዢ በቀላሉ ይሳሳታል። የካናዳው ዋንዌይ 2436 ሲባል 24 ኢንች የእንጨቱ ሙሉ ስፋት፣ 36 ኢንች ደግሞ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርዝመት ነው። የአውስትራሊያው ቪክማርክ ቪኤል300 ግን የተሰየመው ከዘንጉ እስከ አልጋው ባለው 300 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የሚያዞረው እንጨት እስከ 600 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። በቁጥር የተራራቁ የሚመስሉት ሁለቱ ማሽኖች በስፋት እኩያ ናቸው ማለት ነው። የመሮው ማሳረፊያ መቀመጫም በእንጨቱ ሥር ቦታ ስለሚይዝ በተግባር የሚገኘው ስፋት ከተጻፈው ያንሳል።

ክብደትና ፍጥነት

ገና ያልተስተካከለ እርጥብ ግንድ አንድ ጎኑ ይከብዳል፤ ሲዞርም ማሽኑን ያናውጠዋል። ከባድ የጊዛ አካል የሚመረጠው ይህን ለመቋቋም ነው። ቀላል ማሽን ላይ የአሸዋ ከረጢት መጫን ይረዳል፣ ደካማ አልጋን ግን ጠንካራ አያደርገውም።

ፍጥነት ከስፋት ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው እንጨት በደቂቃ 1000 ዙር ቢዞር ጠርዙ በሰከንድ 21 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከዚያ ላይ ተገንጥሎ የሚወረወር ቁራጭ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ከማሽኑ ከፍተኛ ፍጥነት ይልቅ ዝቅተኛው መጠየቅ አለበት፤ በደቂቃ ከ50 እስከ 100 ዙር መውረድ የሚችል ለትልቅ ገበቴ ተስማሚ ነው። ፍጥነትን በኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ብቻ መቀነስ የማዞር ኃይልን አይጨምርም፤ ኃይል የሚገኘው ቺንጋውን ወደ ዝቅተኛው ፑሌጃ በማዛወር ነው።

አፈ ጠባብ ዕቃ

አሜሪካዊው ዴቪድ ኤልስዎርዝ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በጠባብ አፍ በኩል በቆልማማ መሣሪያ ስስ ዕቃ በመቅረጽ ታውቋል። የዚህ ሥራ ችግር ስለቱ ከማሳረፊያው እየራቀ መሄዱ ነው። እጀታውን ከማሳረፊያው 60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ የያዘ ሰው፣ ስለቱ 10 ሴንቲ ሜትር ሲገባ እጁ ላይ የሚያርፈው የመቁረጫው ኃይል አንድ ስድስተኛ ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር ሲገባ ግን ግማሹ ይሆናል።

ዕቃው ራሱም ከታች ብቻ ተቆንጥጦ ስለሚዞር በዘንጉና በኩሽኔታው ላይ ጫና ያሳድራል። ወፍራም ዘንግ እዚህ ላይ ዋጋ አለው፤ በአውሮፓ የተለመደው 33 ሚሊ ሜትር፣ በሰሜን አሜሪካ ትልልቅ ማሽኖች ደግሞ 1¼ ኢንች ነው። የሁለቱ ጥርስ ስለማይገጥም መቆንጠጫ ሲገዛ መጠኑ መታወቅ አለበት። ራሱ በአልጋው ላይ ተንሸራቶ ወደ ጫፍ የሚሄድ ማሽን ባለሙያው ጎንበስ ሳይል ከዕቃው አፍ ፊት ለፊት እንዲቆም ያስችለዋል። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ወገብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ኤሌክትሪክ

በኢትዮጵያ ያለው ኃይል 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የመጣ የ60 ኸርዝ ተራ ሞተር ቮልቱ ቢስተካከልለት እንኳ በአንድ ስድስተኛ ያህል ዝግ ይላል፣ ሊግልም ይችላል።

ያለ ሞተር

እንግሊዛዊው ጆርጅ ሌይሊ እስከ ሕልፈቱ 1958 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ድረስ በበርክሸር በእግር በሚረገጥና በተወጠረ እንጨት በሚመለስ ቶርኖ፣ ከአንድ ግንድ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገቡ ገበቴዎችን ይሠራ ነበር። ማሽኑ ዛሬ በሬዲንግ በሚገኘው የእንግሊዝ የገጠር ሕይወት ሙዚየም ተቀምጧል።