ሎክሂድ ማርቲን
ሎክሂድ ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1995 ሎክሂድ ኮርፖሬሽንና ማርቲን ማሪዬታ ተዋሕደው የመሠረቱት፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በሜሪላንድ ግዛት የሚገኝ የአሜሪካ የአቪዬሽን፣ የጠፈርና የመከላከያ ኩባንያ ነው። ከወታደራዊ አውሮፕላኖቹ መካከል ለራዳር በቀላሉ የማይታየው ተዋጊ ኤፍ-35 እና እ.ኤ.አ. በ1954 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ባለአራት ሞተር አጓጓዥ ሲ-130 ሄርኩሊስ ይጠቀሳሉ፤ ሄርኩሊስ አስፋልት ባልለበሰ አጭር ሜዳ ማረፍ የሚችል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1984–85 ረሃብ ወቅት የእንግሊዝ አየር ኃይል በዚሁ አውሮፕላን ለኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ከዝቅተኛ ከፍታ እህል ጥሏል። በሳተላይት ዘርፍ ኩባንያው የሚሳይል መወንጨፍን ከሚፈጥረው ሙቀት በመለየት የሚያስጠነቅቁ ሳተላይቶችንና፣ የአቶሚክ ሰዓት ተሸክመው በሚልኩት ምልክት የተቀባዩን ቦታ ለማስላት የሚያስችሉትን የጂፒኤስ 3 ሳተላይቶች ሠርቷል። የመከላከያ ድጋፍ የሚባለው አገልግሎቱም የመለዋወጫ አቅርቦትን፣ ጥገናንና በበረራ ማስመሰያ መሣሪያ የሚሰጥ የአብራሪዎች ሥልጠናን ያጠቃልላል።